በወረቀት ፖስታው ላይ ያልተጻፈው፦ የድባቴ መድኃኒት ለምታዝዙልን ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት ለምታዝዙ የአእምሮ ሐኪሞች፣ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ እንዲሁም መድኃኒቱን ለምታድሉ የፋርማሲ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ስለማይለቅ ስንፈተ ወሲብ እንድታውቁና እንድትነግሩን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ስምንታችን የድባቴ ወይም የጭንቀት መድኃኒት የወሰድን ነን። ሁለቱ የትዳር አጋሮቻችን፣ አንዷ ደግሞ እናት ናት። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳችን ቤት እንገናኛለን። ቡና ይፈላል፣ ልጆች ጎረቤት ይላካሉ፣ በር ይዘጋል። በሩን የምንዘጋው የምናወራው ነገር ሌላ ቦታ ስለማይወራ ነው።

እንድንጽፍ ያደረገን ባለፈው ወር ያገኘነው መልስ ነው። አንድ ተቋም ለጤና ባለሙያዎች ስለ አእምሮ ሕክምና ሥልጠና እንደሚሰጥ ሰማን። ግማሽ ሰዓት እንዲፈቀድልን በደብዳቤ ጠየቅን። ልናስተምራችሁ አልነበረም። የደረሰብንን ልንነግራችሁ ብቻ ነበር። መልሱ በስልክ መጣ፦ "ርዕሱ ለባህላችን አይመችም። ደግሞ ሕዝቡን ከመድኃኒት ታሸሹታላችሁ።" በዚሁ አበቃ። መድረኩ ሲከለከልን ደብዳቤው ቀረልን።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልን። መድኃኒቱን አንቃወምም። እኔ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ የምጽፈው ጠፍቶኝ ክፍሉን ጥዬ የወጣሁበት ቀን ነበር። ወደ ሥራዬ የመለሰኝ ፍሉኦክሴቲን ነው። ይህን አልክድም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ታካሚ ካለም አደራ፣ መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ። በድንገት ማቆም የራሱ ጣጣ አለው። የሚቆመው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ቀስ በቀስ ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፓሮክሴቲን፣ ሲታሎፕራምና ኤስሲታሎፕራም ኤስኤስአርአይ የሚባለው ወገን ናቸው። ቬንላፋክሲንና ዱሎክሴቲን ደግሞ የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። ሰው እነዚህን እየወሰደ ሳለ የወሲብ ስሜቱ ሊቀዘቅዝ፣ እርካታ ጋር መድረስ ሊያቅተው እንደሚችል ሁላችሁም ተምራችኋል። የተማራችሁት ግን "ሲቆም ይለቃል" ተብሎ ነው። አብዛኛው ሰው ላይ እውነት ነው፣ ይለቃል። ጥቂት ሰዎች ላይ አይለቅም። ለወራት፣ ለዓመታት ይቆያል። ይህ ችግር ስምም አለው፤ ባለሙያዎች በምህጻር ፒኤስኤስዲ ይሉታል።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሕክምና መጽሔቶች ላይ በዚህ ጉዳይ የታካሚዎች ታሪክ መታተም ከጀመረ ቆይቷል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አለ። በ2011 አሜሪካ ውስጥ የፕሮዛክ፣ ማለትም የፍሉኦክሴቲን፣ መግለጫ ላይ ምልክቱ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ አልፎ አልፎ ሊቀጥል እንደሚችል ተጻፈ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መጽሐፍ፣ ዲኤስኤም-5፣ ይህንኑ አነሳ። በሰኔ 2019 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የሁለቱም ወገን መድኃኒቶች መግለጫ ይህን ማስጠንቀቂያ እንዲይዝ አደረገ። በጥር 2021 የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት የራሱን ምርመራ አድርጎ ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ በ2018 ለአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ለኤፍዲኤ፣ አቤቱታ አቀረቡ። ስድስት ዓመት ጠብቀው መልስ ሲያጡ በ2024 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ።

ታዲያ ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል? የቤት ሥራው ገና አላለቀም። በ2023 በእስራኤል ተመራማሪዎች የታተመ አንድ ጥናት ከ21 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ወንዶች አይቶ፣ ከ216 ወንዶች በአንዱ ገደማ ላይ የብልት አለመቆም ችግር መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እንደቀጠለ ገምቷል። የቆጠረው ግን ለዚህ ችግር መድኃኒት የታዘዘላቸውን ነው። አፍሮ ቤቱ የቀረው አልተቆጠረም። ሴቶችም አልተቆጠሩም። ከስምንታችን አምስታችን ደግሞ ሴቶች ነን።

ቅሬታችን እዚህ ላይ ይጀምራል። አውሮፓ ውስጥ ውሳኔው የለወጠው በመድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት ነው። እዚያ ታካሚው ሣጥኑን ይዞ ቤቱ ይገባል። እኛ ጋ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ባለሙያዋ ሣጥኑን ትከፍታለች፣ ስትሪፑን በመቀስ ትቆርጣለች፣ የታዘዘልንን ያህል ፍሬ ትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ትከታለች። ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ "1×1 ጠዋት" ብላ ትጽፋለች። ወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ቢደርሰንም በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ለማንበብ አጉሊ መነጽር የሚፈልግ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ያችን ፖስታ ተቀብያለሁ። አንዷ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። "1×1 ጠዋት" ከሚለው ሌላ ምንም አልተጻፈባትም።

ስለዚህ እኛ አገር ማስጠንቀቂያው ያለው አፋችሁ ላይ ብቻ ነው። እናንተ ካልነገራችሁን የሚነግረን የለም። ከስምንታችን አንዳችንም አልተነገረንም። ስለ ማቅለሽለሽ ተነግሮናል። ስለ እንቅልፍ ተነግሮናል። መጀመሪያ አካባቢ ጭንቀት ሊብስ እንደሚችልም ለሦስታችን ተነግሮናል። ስለዚህ ግን አንድም ሰው ምንም አላለንም።

ሁለተኛው ቅሬታ አትጠይቁንም የሚል ነው። የክትትል ቀኔን ላሳያችሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ተሰልፌ አምስት ሰዓት ገባሁ። በሩ ክፍት ነው። ቀጣዩ ታካሚ ካርዱን ይዞ ውስጥ ቆሟል።

"እንቅልፍ?"

"ደህና ነው።"

"ምግብ?"

"እበላለሁ።"

"ራስህን የመጉዳት ሐሳብ?"

"የለም።"

ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈ። እንደምንም ደፍሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ዶክተር፣ አንድ ነገር ነበረኝ። ከባለቤቴ ጋር..." አልኩ። በሩ ጋ የቆመውን ሰው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ወጣት ነህ፣ አይዞህ! ስታቆመው ይለቅሃል" አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። ያወቀውን ነው የነገረኝ። አቆምኩት፣ አልለቀቀኝም። አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

ዝም ያልነው ደህና ስለሆንን እንዳይመስላችሁ። ስፔን ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት 344 ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ሳይጠየቁ በራሳቸው የወሲብ ችግር እንዳለባቸው የተናገሩት 14 በመቶ ናቸው። ሐኪሙ በቀጥታ ሲጠይቃቸው ቁጥሩ 58 በመቶ ሆነ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ መድኃኒቱም ያው ነው፣ ጥያቄው ብቻ ነው የተጨመረው። ያ ስፔን ነው። ስለ ወሲብ ማውራት ነውር ነው ተብለን ባደግንበት አገር፣ በክፍት በር፣ ሌላ ታካሚ አናታችን ላይ ቆሞ ስንቶቻችን ሳንጠየቅ የምንናገር ይመስላችኋል?

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያመው ነው። ደፍረን ስንናገር አንታመንም። "ድባቴው ተመልሷል" እንባላለን። ድባቴ ራሱ የወሲብ ፍላጎትን እንደሚገድል እናውቃለን፤ ኖረንበታል። ይህ ግን ሌላ ነው። ዋናው ምልክቱ የብልት መደንዘዝ ነው። ከመካከላችን አንዱ "ክርኔን እንደነካሁት ነው፣ መንካቴን አውቃለሁ፣ ሌላ ምንም የለም" ይላል። እርካታ የሚባለው ነገር ቢመጣ እንኳ እንደ ማስነጠስ ያልፋል። ድባቴ እንዲህ አያደነዝዝም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ለሚጨርስ ወንድ ከእነዚሁ መድኃኒቶች አንዱን የምታዝዙት ስሜቱን እንደሚያዘገዩ ስለምታውቁ አይደለም እንዴ?

እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር የመለያ መስፈርት አውጥተዋል። መድኃኒቱን የወሰደ፣ ካቆመ በኋላ የብልት ስሜቱ የተለወጠ፣ ችግሩ ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ፣ ከመድኃኒቱ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ያልነበረበት፣ ሌላ የሚያመካኙበት ሕመምም ሆነ መድኃኒት የሌለው ሰው ነው። ስኳር፣ ሆርሞን፣ የደም ሥር ችግር መመርመር አለበት። እኛም መርምሩን ነው የምንለው። ሳትመረምሩ "ከአእምሮህ ነው" አትበሉን።

ከመካከላችን አንዱ 22 ዓመቱ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ለጭንቀት ታዞለት አራት ወር ወሰደ። ካቆመ በኋላ ስሜቱ ጠፋ። መጀመሪያ ያለ ማዘዣ የወሲብ ማነቃቂያ ክኒን ገዛ፤ የሚደነዝዘውን አልነካለትም። ጸበል ሄደ፣ ሱባኤ ያዘ። መጨረሻ ላይ ወደ ሕክምና ተመልሶ ሁሉንም ተናገረ። ድባቴ ተብሎ የዚያው ወገን መድኃኒት፣ መጠኑ ከፍ ተደርጎ ታዘዘለት። የዚያን ሰሞን እናቱ ማታ ማታ በሩ ሥር ተኝታ ታድር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራው የምትመጣው እሷ ናት። አንድ ቀን እንዲህ አለችን፦ "ባታውቁትም ግድ የለም፣ 'ልጄ፣ ይህ ነገር አለ፣ ሰምቼዋለሁ' ብሎ የሚመልስለት አንድ ሐኪም ቢያገኝ ኖሮ ያን ያህል አይሰበርብኝም ነበር።" አሁን ልጁ ደህና ነው፣ ይማራል። ችግሩ ግን አልለቀቀውም።

አራተኛው ቤታችን ውስጥ የሚሆነው ነው። ከእናንተ ክፍል ስንወጣ ነገሩ አያልቅም፤ ከእኛ ጋር ተከትሎን ቤት ይገባል።

ከእኛ አንዷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሁለተኛውን ከወለደች በኋላ ድባቴ ያዛት። ልጇን ማየት እስክትጠላ ድረስ ነበር። ሰርትራሊን ታዘዘላትና ዳነች። ልጇን አቅፋ ሳቀች። በሐኪሟ ምክር ቀስ በቀስ አቆመች። ወራት ሲያልፉ ግን ያ ስሜት አልተመለሰም። የማህፀን ሐኪም ጋ ሄደች። "የወለደች ሴት ያጋጥማታል" ተባለች። ባሏ መጀመሪያ ታገሠ፣ ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ማታ "ሌላ ሰው አለሽ?" ብሎ ጠየቃት። ነገሩ ከረረና ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት አዛውንት ነበሩ፣ አንዱ የንስሐ አባቷ። "ልጄ፣ ምን ጎደለሽ? ምን በደለሽ?" አሏት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ "ምንም አባቴ፣ ምንም አልበደለኝም" አለች። ሌላ ምን ትበል? የሆነችውን የምትጠራበት ቃል አልነበራትም። ሽማግሌዎቹ ዓይነ ጥላ ነው ብለው ጸሎት አዘዙ።

ከስምንት ወር በኋላ እህቷ ከውጭ አገር አንድ ጽሑፍ ላከችላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። አንብቦ ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በመጨረሻ ያለው "ስለዚህ እኔን አልጠላሽኝም" ነበር። ዛሬ ከሁለቱ የትዳር አጋሮች አንዱ እሱ ነው፤ ቡናውን የሚቆላው እሱ ነው። ያን ጽሑፍ ከእህቷ ሳይሆን ከሐኪሟ አፍ፣ መድኃኒቱ በታዘዘላት ቀን ሰምታው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወር ይተርፍላት ነበር። ሌላዋ አባላችን ግን እንዲህ አልቀናትም፤ ተፋታለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በአጭሩ። የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት የሚመዘገብበት ቅጽ አለ። የማናችንም ጉዳይ እንደተመዘገበ አልተነገረንም። ካልተመዘገበ "እኛ አገር የለም" ይባላል። የለም ከተባለ ደግሞ ቀጣዩ ሐኪም አያምነንም።

በስልክ ለተነገረን መልስም መልስ አለን። "ባህላችን አይፈቅድም" ተብለናል። ባህላችን ለሐኪም መናገርን አይከለክልም። ወላድ ለአዋላጇ ትናገራለች፣ ሰው ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ሰው የሚያፍረው በሩ ክፍት ሲሆንና የሚጠይቀው ሲያጣ ነው። "ሕዝቡን ታሸሻላችሁ" የሚለውን ግን ቀለል አድርገን አናየውም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ስንትና ስንት ሰው ሕክምና ሳያገኝ እንደሚቀር እናውቃለን። እኛን ከሕክምና ያራቀን ግን ማስጠንቀቂያው አይደለም። ካቆምን በኋላ ብቻችንን ያገኘነው እውነት ነው። ከስምንታችን ሦስቱ ዛሬ ቢያማቸው እንኳ ሐኪም ቤት አንሄድም ይላሉ። "አልነገሩኝም" ብሎ የሄደ ሰው አይመለስም። ለጎረቤቱም ይነግራል።

የምንጠይቃችሁ እንደሚከተለው ነው።

መድኃኒቱን ከማዘዛችሁ በፊት ንገሩን። እንዴት እንደሚባል ከተቸገራችሁ እኛ እንዲህ ሞክረነዋል፦ "ይህ መድኃኒት የወሲብ ስሜትን ሊቀንስ ይችላል። አብዛኛው ሰው ላይ ሲቆም ይለቃል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ከቆመም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ለውጥ ካየህ ሳታፍር ንገረኝ። በራስህ ግን እንዳታቆም።" በስልክ ለክተነዋል፤ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሰምቶ የሚወስድ ይወስዳል። እኔ ቢነገረኝ ኖሮ ምናልባት እወስደው ነበር። ግን ለባለቤቴ ነግሬ፣ አብረን ወስነን ነበር የምወስደው።

በየክትትሉ ከእንቅልፍና ከምግብ ቀጥሎ ይህንንም ጠይቁ። ከመጀመራችንም በፊት ጠይቁን፤ በፊት የነበረው ካልታወቀ በኋላ የመጣው አይለይምና። ስትጠይቁ በሩን ዝጉት። ቀጣዩ ታካሚ ውጭ ይጠብቅ፤ እኛም ተራችን ሲደርስ ውጭ እንጠብቃለን። ሴቶችንም ጠይቁ።

አቁመን ስንመለስ መርምሩን፣ እመኑን። እስካሁን የተረጋገጠ ፈውስ እንደሌለው እናውቃለን። ፈውስ አምጡ አላልንም። ያው ወገን መድኃኒት በላዩ ላይ ከመጨመራችሁ በፊት ግን አስቡበት። "ይህ ነገር አለ" በሉን፤ ባለቤቶቻችን ፊትም በሉልን።

የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ፖስታው ላይ ቦታ አለ። "ለውጥ ካለ ለሐኪም ይንገሩ፤ በራስዎ አያቁሙ" የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። የምትመለከቱትን ጉዳት ሁሉ በቅጹ ሞልታችሁ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላኩ። መሥሪያ ቤቱም ማስጠንቀቂያውን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አንድ ገጽ አድርጎ ቢያወጣ፣ እናንተ ጋ የሚቀረው በእጃችን መስጠት ብቻ ይሆናል።

የሕክምና መምህራን፣ ሥልጠና የምታዘጋጁ፣ ያን ግማሽ ሰዓት አሁንም እንጠይቃለን። ስማችን እንዲነገር አንፈልግም፣ ፎቶ አንነሳም፣ ክፍያም አንጠይቅም። ሁለታችን እንመጣለን፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሥልጠናው ቅዳሜ ከሆነ ስብሰባችንን እናዛውራለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት የወሰዱ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ስብስብ ጸሐፊ፤
አስተማሪ፣ ባለትዳር፣ የቀድሞ የፍሉኦክሴቲን ተጠቃሚ
አዲስ አበባ